ጎባጣው ሰደፍ

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከእንጨቱ እንጀምር። ጫኔ ገበሬ ነው። ሁለት በሬ፣ አሥራ አራት በግና ከመንዟ ሞላሌ ከተማ በታች አፋፍ ላይ የተንጠለጠለች የገብስ ማሳ ነበረችው። ግን «ገበሬው ጫኔ» ብሎ የጠራው ሰው የለም፤ «ሰደፍ ጠራቢው» ነው የሚሉት። ጠመንጃው ገደል ገብቶ፣ በሬ ረግጦት ወይም የሰው ራስ ቅል ላይ አርፎ ሰደፉ የተሰበረበት ሁሉ ብረቱን በማዳበሪያ ጠቅልሎ ወደ እሱ ይመጣ ነበር። እሱም ከመርሐቤቴ ቆላ በአህያ ያስመጣውን ዋንዛ በመጥረቢያ ይጠርባል፣ በመሮ ይፈለፍላል፣ በጠርሙስ ስባሪ ይፍቃል፣ በመጨረሻም በበግ ሞራ ያሸዋል።

ጠባዩ አስቸጋሪ ነው። አንድ ሰው መጥቶ «መካከለኛ አድርገህ ሥራልኝ» ካለው ያባርረዋል። «መካከለኛ የሚባል ክንድ የለም!» ይላል። ደንበኛውን አቁሞ ክንዱን ያሳጥፈውና ከክርኑ እጥፋት እስከ ሌባ ጣቱ አንጓ በሲባጎ ለክቶ ይቋጥራል። ሰደፉ ከረዘመ ጣት ምላጩ ላይ አይደርስም፤ ካጠረ ደግሞ ጠመንጃው ሲራገጥ የባለቤቱን አፍንጫ ይሰብራል። የለካባቸው ሲባጎዎች ከግድግዳው ችካል ላይ ይንጠለጠላሉ። የደርግ ሚሊሺያ ሲባጎ አለ፣ ሚሊሺያውን የገደለው ሽፍታ ሲባጎም አለ፤ ጎን ለጎን። ጫኔ ለገዳይም ለሟችም ሠርቷል። ይህ ነገር እንቅልፍ ነስቶት አያውቅም ነበር፤ መዋሸት አልፈልግም።

ከሲባጎዎቹ በላይ ሁለት ናሙና ሰደፎች ተሰቅለዋል። አንዱ አንገቱ እንደ ምርኩዝ ቀጥ ያለ ነው፣ የድሮ ሰዎች የሚወዱት። ሌላው አንገቱ ወደ ታች ጎበጥ ብሎ መዳፍ የሚሞላ ነው። ክላሽ በየትከሻው ከታየ ወዲህ ጎረምሳ ሁሉ የሚያምረው ይህ ሁለተኛው ነው። ለሌላው ጠመንጃ ልዩነቱ የዓይን አምሮት ነው። ለአንድ ዓይነት ጠመንጃ ግን የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው፤ ይህን በዚያ አገር ከጫኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ያ ጠመንጃ ባለቀለበት የሚሉት ነው። ከምላጩ ሥር የብረት ቀለበት አለው። በአራት ጣት ወደ ታች ገፍተው ሲመልሱት ያለቀውን ቀለህ ተፍቶ ሌላ ጥይት ይጎርሳል። ቀለበቱ ተመልሶ ከሰደፉ አንገት ጋር ካልገጠመ ግን ምላጩ አይሳብም፤ የሠራው ፈረንጅ እንዲያ አድርጎ ነው የቆለፈው። ቀጥ ያለ ቀለበት ደግሞ ቀጥ ያለ አንገት ይፈልጋል። ጫኔ በጉርምስናው ይህን ሳያውቅ ለአንድ ግራዝማች ባለቀለበት ጎባጣ ሰደፍ ገጥሞ፣ ጠመንጃው በክርስትና ድግስ መሀል አልተኩስ ብሎ አዋርዷቸው፣ በጥፊ ሁለት ጥርሱን አራግፈውታል። ትምህርቱን የከፈለው በጥርስ ነውና አልረሳውም።

ከሞላሌ ወዲያ፣ የግማሽ ቀን መንገድ አልፎ፣ እህቱ እታገኝ ትኖራለች። ባሏ ገብረየሱስ ባለቀለበት ነበረው፣ ከአባቱ የወረሰው። ደርግ በወደቀ ሰሞን፣ መንግሥት በሌለበት በዚያ ወር፣ ጎረቤቱ አዳነ ወሰን ገፋ። ገብረየሱስ ጠመንጃውን ይዞ ሊያስፈራራው ወጣ። ማስፈራራት ለሚያውቅበት ነው፤ እሱ አያውቅበትም ነበር። አዳነ ተናንቆ ጠመንጃውን ከእጁ ቀማና በገዛ ሰደፉ ግንባሩን አለው። ሲወድቅ ደገመው። ሰደፉ ከአንገቱ እስኪሰበር ድረስ ደበደበው፤ ከተሰበረ በኋላ ደግሞ በብረቱ ቀጠለ። እታገኝ ደርሳ ስታነሳው ፊቱን የለየችው በጢሙ ነው።

ዳኛ አልነበረም፤ ሽማግሌ ገባ። ከብት ተቆጠረ፣ አዳነ ድንጋይ ተሸክሞ እታገኝ እግር ላይ ወደቀ፣ ካህኑ መስቀል አሳለሙ፣ ደሙ ደረቀ ተባለ። እሷም ብረቱን በሞራ አሽታ በበግ ቆዳ ጠቀለለችው። ቀበሌው መሣሪያ ሲመዘግብ በስሟ አስመዘገበችው። ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት አልተነካም።

በሰማንያ ዘጠኝ፣ በግንቦት፣ እታገኝ ያንን ጥቅል ይዛ ወንድሟ ደጅ ደረሰች። ልጇ ማዕረግ አብሯት ነበር፤ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ትከሻው የአባቱ።

«አያ፣ ሰደፍ ሥራልኝ» አለችው ገና ሳትቀመጥ።

ጫኔ ቆዳውን ገለጠ። የገብረየሱስ ብረት ነው። «ለማን ክንድ?»

«ለማዕረግ።»

«ምን ሊያደርግበት?»

«ጠመንጃ ምን ይደረግበታል?» አለችና ዓይኗን ወደ ደጁ መለሰች።

እንግዲህ የመንዝ ሰው ሆኖ ይህን መልስ የሚሳሳተው የለም። ባሏ የተገደለባት ሴት የሟቹን ብረት አውጥታ ለልጇ ክንድ ካስለካች ነገሩ ደም መመለስ ነው። ጫኔም እንደዚያ ገባው፤ እኔም ብሆን እንደዚያ ይገባኝ ነበር። እውነቱ ግን ሌላ ነበር። በዚያ ዓመት መሬት ሲሸጋሸግ ገብረየሱስ የሞተባት ማሳ ከአዳነ ተወስዳ ለማዕረግ ደርሳዋለች። አዳነም እታገኝን ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ ጠብቆ፣ «ልጅሽ እዚያች ላይ ሞፈር ያሳረፈ ዕለት ከአባቱ ጋር አገናኘዋለሁ» ብሏታል። ጠመንጃውን ያስወጣት ፍርሃት ነው። ግን የገብረየሱስ ሚስት «ፈራሁ» ትበል? ለወንድሟ? ልጇ እየሰማ? ምላሷን ብትቆርጡት አትልም። ይቺ ኩራታችን ስንቱን ቀበረች!

«ቀጥ ያለውን አድርግልኝ» አለች ወደ ግድግዳው እያየች። «አባቱ የያዘውን።»

ማዕረግ ግን ጎባጣውን አውርዶ በመዳፉ ጨበጠው። ደስ አለው። «አጎቴ፣ ይሄ አይሻልም? እጅ ውስጥ ቁጭ ይላል። ያኛውማ የሽማግሌ ነው።»

ጫኔ መናገር የነበረበት በዚያች ደቂቃ ነው። «ለዚህ ብረት አይሆንም፣ ያንቀዋል» ቢል አለቀ። ልጁን አየው። ልጁ አዳነን ገድሎ ወህኒ ሲወርድ፣ ወይም የአዳነ ወንድሞች መንገድ ላይ ጠብቀው ሲጥሉት ታየው። እህቱ ሁለተኛ ሬሳ ስትታቀፍ ታየው። ጎባጣው ደግሞ ጭርሱን አይከለክልም፤ በሁለት እጅ ጨምቀው ከያዙት ቀለበቱ በግድ ይገጥማል። ሰው በንዴት ሲቸኩል ብቻ ነው እምቢ የሚለው። ይህም ለጎረምሳ አንድ ትንፋሽ ይሰጠዋል ብሎ አሰበ። በአንድ ትንፋሽ ስንት ነፍስ ይድናል!

«ጎባጣው ይሻልሃል» አለ ጫኔ።

«አያ...» አለች እታገኝ።

«እኔ ነኝ ወይስ አንቺ ጠራቢዋ?»

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይነቅዛል እንጂ! የጫኔ ዝምታ ከዚያ ቀን ጀምሮ እየነቀዘ ነው የሄደው።

በሳምንቱ ሰደፉ ደረሰ። ውብ ነበር። የዋንዛው ጅማት እንደ እርጎ ተጠቅልሎበት፣ በሞራ ታሽቶ ያብለጨልጫል። ጫኔ በጠንካራ እጁ ቀለበቱን ጨምቆ ምላጩን ሳበላቸው፤ ቀጭ አለ። ማዕረግ ሲሞክር አልሳብ አለው። በሁለተኛው በሁለት እጁ ጨምቆ ቀጭ አሰኘው።

«አዲስ ስለሆነ ነው፤ ይለመዳል» አለው ጫኔ። ልጁም የአጎቱን ጉልበት ስሞ ሄደ። ጥይት የሚባክንበት ዘመን አይደለምና በእውነተኛ ጥይት የሞከረ የለም።

አሥራ ሁለት ቀን ቆየ። በአሥራ ሦስተኛው ማዕረግ ጠመንጃውን ካቡ ላይ አስደግፎ ያቺን ማሳ ማረስ ጀመረ። እታገኝ ምሳ ይዛ በጀርባ በኩል እየመጣች ነበር፤ ሁሉንም አይታለች። አዳነ ከታችኛው ካብ ምሳር ይዞ ዘለለ። አልሮጠም፤ እየተራመደ ነው የመጣው። አርባ እርምጃ ነበር በመሀላቸው። ማዕረግ ሞፈሩን ጥሎ ጠመንጃውን አነሳና ደገነ። «ቁም! ቁም አዳነ!» አለ። አዳነ አልቆመም። ማዕረግ ምላጩን ሳበ፤ ምንም። ቀለበቱን ገፍቶ መለሰው፤ ያልተተኮሰው ጥይት ትልሙ ላይ ወደቀ። ሳበ፤ ምንም። ሌላ ጥይት ወደቀ። ሦስተኛውም ወደቀ። ሁለት እርምጃ ሲቀር በሁለት እጁ ጨመቀው፤ ያን ጊዜ ግን ምሳሩ ደርሶ ነበር።

የመጀመሪያው ምት ትከሻውን ከፈለው። ማዕረግ ተንበርክኮ ጠመንጃውን እንደ ጋሻ ከራሱ በላይ ያዘ። ሁለተኛው ሁለት ጣቱን ቆርጦ ብረቱ ላይ ነጠረ። ሦስተኛው አንገቱ ሥር ገባ። በሬዎቹ ደም ሸቷቸው ቀንበሩን እየጎተቱ ሲያጓሩ፣ እታገኝ አገልግሏን ጥላ እየጮኸች ስትሮጥ፣ አዳነ ምሳሩን ለመንቀል እግሩን የልጁ ደረት ላይ አስደግፎ ነበር። ነቀለና ወደ ወንጪት ወንዝ ቆላ ወረደ። እናትየው ልጇ ላይ ስትደርስ ደሙ ትልሙን ሞልቶ ወደ ታችኛው ካብ መፍሰስ ጀምሯል።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ጫኔ ደርሶ ሬሳውን አየ። ግን ከሬሳው የባሰው ለቅሶው ነበር። ለቅሶ ደራሹ ሁሉ ስለ ሦስቱ ጥይት ያወራል። «አርባ እርምጃ! ሦስት ጥይት! አንዱን እንኳ ሳይተኩስ!» ይላል አንዱ። «እጁ ተንቀጥቅጦበት ነው» ይላል ሌላው። «የአባቱ ፍርሃት ነው» የሚልም አልጠፋም፤ አፉን ይዝጋውና። ጫኔ መሀላቸው ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጧል። እውነቱን ከሱ በቀር የሚያውቅ የለም። ተነስቶ «ልጁ ጀግና ነበር፤ እጁን ያሰርኩት እኔ ነኝ» ማለት ነበረበት። አላለም። ሁለተኛው ዝምታው ይህ ነው፤ ከመጀመሪያው ይከፋል፤ የመጀመሪያው ለልጁ ነበር፣ ይህኛው ለራሱ።

በሠልስቱ፣ ሰው ከተበተነ በኋላ፣ እታገኝ ጠመንጃውን አምጥታ ፊቱ ቆመች። የልጇ ደም ቀለበቱ ላይ ደርቋል። ያን ብረት ባሏ ሲያርስ ስትይዝለት የኖረች ሴት ናት፤ ድምፁን ታውቀዋለች። ቀለበቱን ገፍታ መለሰችው። ቀጭ የሚለው ድምፅ አልመጣም። በቀለበቱና በእንጨቱ መሀል አንዲት ጣት የምታስገባ ክፍተት ቀረች።

«አያ» አለች፤ ድምፅዋ ቀዝቃዛ ነበር። «ይሄን ታውቅ ነበር?»

ጫኔ «እርጥበት ነው፣ እንጨቱ አብጦ ነው» ማለት ይችል ነበር፤ ታምነውም ነበር።

«አውቅ ነበር» አለ። «ደም ሊመልስ መስሎኝ። ላድነው ብዬ።»

«አዳነ እንደዛተበት አልነገርኩህም?»

«አልነገርሽኝም።»

«አልነገርኩህም» አለች። ያንኑ ሰደፍ አዙራ አፉ ላይ አሳረፈችበት። ግራዝማቹ ያተረፏቸው የፊት ጥርሶች ረገፉ። ደገመችው፤ ጫኔ እጁን አላነሳም። ሦስተኛውን ስትሰነዝር ጎባጣው አንገት ተሰብሮ ሰደፉ ምድጃው ሥር ተሽቀነጠረ። ለካስ ዋንዛውም አልጠነከረም ነበር። ከዚያ እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን አጠፈች።

«ለካኝ። ቀጥ ያለውን፣ ለእኔ ክንድ። አዳነ ወንጪት ነው ያለው፣ የአጎቱ ልጆች ዘንድ። ፖሊስ ወርዶ አላገኘውም። እኔ አገኘዋለሁ።»

ጫኔ ደሙን በጋቢው ጠርጎ ሲባጎውን ከኪሱ አወጣ። ከክርኗ እጥፋት እስከ ሌባ ጣቷ አንጓ ለካና ቋጠረ። ብረቱንም ይዞ ሄደ።

አራት ቀን ጠረበ። እህል የቀመሰ አይመስለኝም። የእታገኝን ሲባጎ ችካሉ ላይ ሰቀለው እንጂ ናሙናው ላይ አልዘረጋውም። የራሱን ክንድ አጥፎ ለካ። በዚህ ሁሉ ዘመን ለራሱ ሰደፍ ሠርቶ አያውቅም ነበር፤ ረጅም ክንድ እንዳለው ያን ዕለት አወቀ። ሰደፉን ቀጥ አድርጎ ጠረበው። ሲገጥመው ቀለበቱ ሄዶ እንጨቱ ላይ ተኛና ቀጭ አለ። ጆሮው በድምፁ ደስ አለው፤ በዚህም ራሱን ጠላ።

ወንጪት በወረደ በሁለተኛው ቀን ረፋድ አዳነን ከወንዙ ዳር አገኘው። ብቻውን ነበር፤ በዚያችው ምሳር እንጨት ይፈልጣል። ጫኔ ከኋላ መተኮስ ይችል ነበር፤ ግን ፊቱን ሊያየው ፈለገ።

«አዳነ!»

አዳነ ዞረ። መጀመሪያ ጠመንጃውን፣ ቀጥሎ ሰውየውን አየ። ምሳሩን ለቀቀው። ተንበረከከና ከወንዙ ዳር ድንጋይ አንስቶ ትከሻው ላይ አደረገ፤ እንደ ድሮው።

«ጫኔ፣ በማርያም! ሽማግሌ ይግባ! ያለኝን ሁሉ...»

«ሽማግሌ አንዴ ገብቷል» አለ ጫኔ።

የመጀመሪያው ጥይት ሆዱን መታው። ድንጋዩ ከትከሻው ወድቆ የገዛ ጭኑን ሰበረ። አዳነ እየጮኸ አሸዋውን ይቧጥጥ ጀመር። ጫኔ ቀለበቱን ገፋ፣ መለሰ፤ ቀጭ። ሁለተኛው ደረቱን አገኘው። ጩኸቱ ሳል ሆነ። ጫኔ ቀረበና ሦስተኛውን ግንባሩ ላይ ተኮሰ። ለልጁ የጎደሉት ሦስት ጥይት ነበሩ፤ ሦስቱንም ተኮሰለት። ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ያየው ሰው አልነበረም። ማንም አልያዘውም፤ ተነስቶ በእግሩ ወደ ሞላሌ ወጣ።

ወሬ ግን ከሰው ይቀድማል። በማግስቱ ፖሊስ ጣቢያ ሲደርስ እታገኝ መርማሪው ፊት ቆማ አገኛት። ማለዳ የአዳነን ሞት ሰምታ፣ ገና ሳይጠሯት መጥታ እጇን ሰጥታለች።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» ትላለች። «ጠመንጃው በስሜ ነው። የልጄ ደም ነው።»

ጫኔ ጠመንጃውን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «እኔ ነኝ» አለ ባበጠ አፉ።

መርማሪው ከደብረ ብርሃን የመጣ ወጣት ነው፤ ግራ ገባው። «አባት፣ ሴትዮዋ አምነዋል። ጎረቤት ሁሉ ‹በራሴ ክንድ እገድለዋለሁ› ሲሉ ሰምቷቸዋል። መሣሪያውም የሳቸው ነው። እርስዎ እህትዎን ለማዳን አይደለም የመጡት?»

«የኔ ጌታ» አለ ጫኔ፣ «ሰደፍ በልክ ነው የሚሠራው። ሌላ ሰው ሊተኩስበት ቢፈልግ አይሆንለትም። ጥይቱን ያውጡና ትያዘው። ሰደፉን ከክርኗ እጥፋት ላይ ታሳርፈው።»

መርማሪው ጠመንጃውን አራግፎ ለእታገኝ ሰጣት። እሷም ወንድሟን አየችው፤ ምን እንዳደረገ የገባት ያን ጊዜ ነው። ሰደፉን ክርኗ እጥፋት ውስጥ አስገብታ ሌባ ጣቷን ወደ ምላጩ ዘረጋች። ሁለት ጣት ያህል ቀራት። ትከሻዋን ገፋች፣ እጇን ሳበች፣ ጥርሷን ነከሰች፤ ባሏ ሲሞት ያላለቀሰችው፣ ልጇ ሲቀበር ያላለቀሰችው እንባ በጉንጯ ወረደ።

«ይበቃል፣ እናቴ» አላት መርማሪው።

እታገኝ ግን አልተወችም። ጣቷን እንደዘረጋች ደጋግማ ሞከረች።